ለሎጂክ የተላከ ሽማግሌ

ልጆቼ፣ አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሲልክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰባ ዓመት አልፎኝ አልሰማሁም ነበር። ሽማግሌ የሚላከው ከልጅ ወደ አባት ነው። ልጅ ያጠፋል፣ ይኮበልላል፣ ያለ ፈቃድ ያገባል፤ ከዚያ በሽማግሌ እግር አባቱን ይቅር በለኝ ይላል። አባት ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ቢብስበት ያኮርፋል እንጂ ወደ ልጁ ደጅ ጠኚ አይሰድም። ባለፈው ጥቅምት እዚችው ጎንደር ላይ ግን ተላከ። ከተላክነው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ነገሩ እስካሁን ሳስበው ደሜን ያፈላዋልና ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ።

ላኪው መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ነው። የቅኔ መምህር ነው፤ የደብራችን ሰው ሁሉ ያከብረዋል። እኔና እሱ በልጅነታችን አብረን ዳዊት የደገምን ነን። እሱ ገፋበትና መሪጌታ ሆነ፤ እኔ ከዳዊቱ ወጥቼ አስኳላ ብገባ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረሁና የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሰፊው አለኸኝ ተባልኩ። ሚስቱ ስታርፍ አብረን ነው የቀበርናት። ሁለት ሴቶች ልጆች ትታለታለች። ታላቂቱ ካሰች ዛሪማ ተድራ ትኖራለች። ታናሺቱ እፀገነት ናት፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

እፀገነት ቀን ቀን ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ሲመሽ ኮሌጅ ትገባለች። ምኞቷ ሕግ ማጥናት ነው። ኮሌጁ ደግሞ ሕግ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሎጂክን መግቢያ ይውሰድ ይላል። ሌላው ተማሪ ከፈለገ በሎጂኩ ፋንታ ቀለል ያለ ትምህርት ይመርጣል። ሎጂክ ምንድን ነው ብላችሁ አታፋጥጡኝ። እኔ እንደገባኝ ሰው አንድ ነገር ሲናገር ያቀረበው ምክንያት ነገሩን ይሸከመዋል ወይስ አይሸከመውም ብሎ መመርመር ነው። እኛም ጥላ ስንሰፋ ዘንጉ ጨርቁን ይችለው እንደሆን ሳንሞክር ለካህን አናስይዝም። ይኼ ምኑ ያስፈራል?

መሪጌታን ግን አስፈራው። የጎረቤታችን ልጅ ሙሉቀን አምና ይህንኑ ሎጂክ ተምሮ ነበር። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ሙሉቀን በጠዋት ቁርሱን ሲበላ ታየ። በቃ፣ ሰፈሩ ፈረደ፦ ሎጂክ የተማረ ጾም ይሽራል። ወሬው ከወፍጮ ቤት ተነሥቶ እስከ ቅኔ ቤቱ ድረስ ሄደ። መሪጌታም ልጁን ጠርቶ ይህን ትምህርት እንዳትነኪ፣ ሃይማኖትሽን ያስክድሻል አላት። እሷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ከምን አወቁ፣ አባባ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

እሱም፣ «ይኸው፣ ገና ሳትማሪው ጀመርሽ» አላት።

ከዚያ ወይ ሎጂኩን ወይ ቤቴን ምረጪ አለ። ልጅቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አክስቷ ዘንድ ገባች፣ የመሪጌታ እኅት እትዬ ወለተሩፋኤል ዘንድ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው ምኑን ነው የሚያስተምረው? ቅኔ። ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን፣ ራሱ የደረሰውን ቅኔ ይዞ ሲቀርብ፣ «ይህን ከምን አመጣኸው? መሠረቱ የታለ?» እያለ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የሚያስጨንቅ ሰው ነው። ከመካነ ብርሃን፣ ከጭልጋ ድረስ ተማሪ በእግሩ የሚመጣለት በዚሁ ጥያቄው ነው። ለወንዶቹ ልጆች ጥበብ የሆነው ጥያቄ ለሴት ልጁ እንዴት ክህደት ሆነ? እኔ ይህን ሳስብ መርፌው እጄን ይወጋኛል።

ታዲያ መሪጌታ ቁጣው ሲበርድለት ቤቱ ጭር አለበት። ልትመለስለት ይፈልጋል፤ ቃሉን ግን ማጠፍ አይፈልግም። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ማክሰኞ ዕለት አስጠራኝ። አባ ወልደ ገብርኤል፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት፣ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ባለ ወፍጮው ፍቅረ ማርያምም አለ። ለማስታረቅ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ የታሰበው ሎጂኩን ትተሽ ግቢ ብለን እንድንለምንለት ነው። ምነው አንተው ራስህ ሄደህ ብትነግራት አልኩት።

«እኔ ልጄን ልለምን?» አለኝ።

«እኛ ታዲያ የማን ለማኝ ነን?»

ፍቅረ ማርያም ሳቀ። መሪጌታ አልሳቀም። እኔ ጥዬ ልወጣ ነበር። ነገር ግን ብቀር ከሦስቱ መካከል ለልጅቱ የሚያዝን አንድ ሰው አይኖርም ብዬ አብሬ ሄድኩ።

እትዬ ወለተሩፋኤል ቤት ስንደርስ በሩን ከፍታ ግቡ፣ ተቀመጡ አለችን። ፍቅረ ማርያም አንገቱን ነቀነቀ። ይህ ሰው በደንብ ነገር ቀልድ አያውቅም። ሽማግሌ ለጉዳይ ሲሄድ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም፤ ይህ ለመተጫጨትና ለጋብቻ የኖረ ሥርዓት ነው። እሱ ለሎጂክም ይሁን አለ። ሦስታችን እንደ አጥር እንጨት ግድግዳውን ታከን ቆምን። እትዬ ወለተሩፋኤል አየችን፣ አየችን።

«ምነው፣ የመጣችሁት ማንን ልታጩ ነው? እኔን ከሆነ እሺ ብያለሁ፣ ተቀመጡ» አለች። ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ አፏ ግን እንደ ልጅ አፍ ነው።

እፀገነት ከሥራ ስትገባ በቁማችን አገኘችን። ሽማግሌ ቆሞ ልጅ አይቀመጥምና እሷም ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። ቀኑን ሙሉ ቆማ መድኃኒት ስትሸጥ የዋለች ልጅ ናት። እግሯ ሲዝል አያታለሁ። ውስጤ ማረር የጀመረው ያኔ ነው።

ፍቅረ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። የአባት ቃል ከምን እንደሚበልጥ አስረዳ። ሕግ የሴት ሥራ እንዳልሆነ፣ የምትከራከር ሴት ትዳር እንደማያዋጣት፣ አንዲት የሚያውቃት ጠበቃ ባሏን እንደፈታች ነገረን። ባሏን የፈታችው ጠበቃ ስለሆነች ነው ወይስ ባሏ ስለሚጠጣ ነው ብዬ በሆዴ ጠየቅኩ፤ ባልየውን አውቀዋለሁና። በመጨረሻ ሙሉቀንን አመጣ። ይኸው ልጁ ሎጂክ ተማረ፣ ይኸው ጾም ሻረ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ አላት።

እፀገነት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አባ ወልደ ገብርኤል አዞረች።

«አባ፣ ሙሉቀን የእርስዎ የንስሐ ልጅ ነው። ጨጓራው ደምቶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። መድኃኒቱን ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ነው የሚገዛው፤ ካልበላህ አትውሰድ ተብሏል። እንዲበላ የፈቀዱለት እርስዎ ነዎት ብሎ ራሱ ለሁሉ ይናገራል፤ የሚያምነው ግን የለም። ውሸቱን ነው?»

አባ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ዓይኔን ከፊታቸው ላይ አላነሣሁም። የምሥጢር ነገር ነው፣ ንስሐ አይነገርም ብትሉኝ ይገባኛል። ልጁ ራሱ አደባባይ ያወጣውን ግን ምሥጢር ነው አይሉትም። ደግሞስ የነፍስን ምሥጢር መጠበቅ ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ በሐሰት ሙሉቀንን ከሃዲ ሲለው፣ ያንኑ ሐሰት ይዞ ሌላ ልጅ ሊያስፈራራ ሲመጣ አብሮ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ሌላ ነው። «እኔ ነኝ የፈቀድኩለት» የምትል አንዲት ቃል ያን ሁሉ ወሬ ወፍጮ ቤት ሳለ ታስቀረው ነበር። ምነው አላሏትም? ሰፈሩ አንዴ ከፈረደ በኋላ ሰፈሩን ማሳፈር ስለሚከብድ ነው። አንድ ልጅ ማሳፈር ይቀላል።

አባ ግን አላፈሩም፣ ተቆጡ። ልጅ ካህንን እንዲህ አትጠይቅም አሉና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። መስቀላቸውን አወጡ።

«ይህን ትምህርት ብትማሪ በግዝት...»

«አባ፣ ይተዉ!» አልኩ።

ልጆቼ፣ እኔ ካህን ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ጥላቸውን ስሰፋ እንኳ ጫማዬን አውልቄ ነው። ግን ግዝት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በዓለም ላይ ሌላ መላ ሲጠፋ፣ ደም ሊፈስ ሲል፣ ሁለት ወገን ጦር ሲማዘዝ በመካከል የሚጣል የእግዚአብሔር ገመድ ነው። በእሱ ዝም የሚያሰኙት ገዳይን ነው። ለአንዲት ልጅ ጥያቄ መልስ ሲያጡ የሚመዘዝ ነገር አይደለም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ያቺን መስቀል ወደ ኪስዎ ይመልሱ፣ ለዚህ አልተሰጠችዎትም አልኳቸው። እጄ ክንዳቸውን ይዞ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። መስቀሉን መለሱት። ሠርክ ጸሎት ደርሷል ብለው ሰላም ሳይሉን ወጡ።

እፀገነት እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አያ አለኸኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ከቤት የወጣሁት ምረጪ ስላለኝ ነው እንጂ፣ እኔ ራሴ ልተወው ነበር። ከባድ ነው፣ አምና ብዙ ሰው ወድቆበታል አሉኝ። በመድኃኒት ቤቱ ሥራ ላይ የምችለው አልመሰለኝም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ቀላሉን ልምረጥ፣ ሕጉም ይቅርብኝ እያልኩ ነበር። አባባ በዝምታ ቢተወኝ ኖሮ በገዛ ፍርሃቴ እተወው ነበር። አሁን ግን እዚህ ቆማችሁ የተናገራችሁትን ሰማሁ። ልክ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ለምን ልክ እንዳልሆነ መናገር ግን አቃተኝ። ስለ ሙሉቀን ባላውቅ ኖሮ ምን እመልስ ነበር? ዝም ነበር የምለው። ካሰችም ዝም ነው ያለችው።»

የካሰች ስም ሲነሣ ፍቅረ ማርያም ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ካሰችን ለዛሪማው ሰው ሊያጯት ሲመጡም እንዲህ ቆመው ነበር» አለች። «አሥረኛ ክፍል ነበረች። ከክፍሏ አንደኛ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ልጅቱ ቁመቷ ደርሷል፣ ሰውየው ከብት አለው፣ እንግዲህ ይሁን ተባለ። ይህ ከዚያ እንዴት ይመጣል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አያ ፍቅረ ማርያም፣ እርስዎ ነበሩ የተናገሩት።»

እኔ በዚያ ሽምግልና አልነበርኩም፤ ደብረ ታቦር ለአንድ ደብር ድባብ እየሰፋሁ ነበር። ስመለስ ሠርጉ አልቆ ነበር። ካሰች ዛሪማ ላይ ምን እንዳየች እዚህ አልዘረዝረውም፤ ልጅ ይሰማናል። ባልየው ከብቱ አሁንም አለው። እሷ ግን ጎንደር በመጣች ቁጥር ጉንጯን በነጠላዋ ሸፍና ነው የምትመጣው።

እፀገነት ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሽማግሌ የሁለት ወገን ነው ይባላል። አባባ ልኳችኋል፤ እንግዲህ እኔም እልካችኋለሁ። ሎጂኩን እማራለሁ፣ መርቀኝና ወደ ቤቴ ልግባ ብላለች በሉት። እንደዚሁ ቆማችሁ ንገሩት።»

እትዬ ወለተሩፋኤል እልል ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት። ፍቅረ ማርያምን አየሁት፤ ወደ ወፍጮው የሚሸሽ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን ላብ በላብ ሆኖ፣ ደንብ ደንብ ነው አለ፤ መልእክት የተቀበለ ሽማግሌ መልእክቱን ማድረስ አለበት። ለካስ ደንብ የሚያከብር ሰው በደንብ ይያዛል። ባጃጅ ጠራንና ሁለታችን ተጨናንቀን ሄድን።

መሪጌታ በሩ ላይ ጠበቀን። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ምን አለች አለ። ገባን፤ አልተቀመጥንም። ግድግዳውን ታከን ቆምን። ምን ሆናችኋል ይለናል፣ ፍቅረ ማርያም መሬት ያያል። እኔ የልጅቱን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። አባ በመስቀላቸው ምን ሊያደርጉ እንደነበርም ነገርኩት። መሪጌታ ያንን አላዘዝኩም አለ። አላዘዝክ ይሆናል፣ ግን ልከሃል አልኩት። ከዚያ በሆዴ የያዝኩት ሁሉ ወጣ።

«አንተ የሰውን ልጅ ከምን አመጣኸው እያልክ ቀንና ሌሊት ታፋጥጣለህ። ያንተው ልጅ አንዲት ጊዜ ብትጠይቅህ ቤትህን ከለከልካት። ሃይማኖቷ አይደለም ያስፈራህ፣ ኪዳነ ማርያም። በሃይማኖት ስም አትነግድብኝ።»

ውጪ ደቀ መዛሙርቱ ቅኔያቸውን ጮክ ብለው እያነበነቡ ሲቀጽሉ ይሰማል። እሱ እንደ መቀመጥ አለና እኛ መቆማችንን አይቶ ተወው።

«የደቀ መዝሙር ጥያቄ ስለ መጽሐፍ ነው፤ የእሷ ስለ እኔ ነው» አለ። «ስለ እኅቷ ትጠይቀኛለች። እስካሁን በዓይኗ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ ሳህን ስታቀርብልኝ፣ እግሬን ስታጥበኝ። ያንን ትምህርት ከተማረች በአፏ ትጠይቀኛለች።»

ይኸው ነው እንግዲህ፣ ልጆቼ። ጾም አይደለም፣ ሙሉቀን አይደለም። አንዲቱን ልጅ ያለ ምክንያት ሰጥቶ፣ ሁለተኛዋ ምክንያቱን እንዳትጠይቀው ትምህርት ሊከለክላት ነው። ይህን ሰምቼ አላዘንኩለትም ብላችሁ አትፍረዱብኝ። ማዘኑን አዝኛለሁ። ንዴቴ ግን ከኀዘኔ በለጠ፤ እስከ ዛሬም ይበልጣል። የአባት ኀፍረት የልጅ አጥር መሆን የለበትም።

ከዚያ ሌላ ነገር አመጣ። ትማር አለ። እመርቃታለሁ፣ ትግባ። ብቻ የካሰችን ነገር በዚህ ቤት እንዳታነሣ ትማልልኝ።

ንዴቴን ዋጥኩና ይህንንም ይዤ ሄድኩ፤ መልእክተኛ ነኝ፣ መልእክት አልመርጥም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ነገሩን ስነግራት አጠገቧ ሰው ሲያልፍ ዝም እያለች ሰማችኝ። ምርቃቱን ትፈልገዋለች። ቤቷንም ትፈልገዋለች፣ አባቷንም ትወደዋለች።

«አልምልም» አለች። «ዝም በዪና ግቢ ከሆነ፣ ሎጂኩን ከልክሎ ቢያስገባኝ በምን ተለየ? እመዘገባለሁ። ምርቃቱን ሲፈልግ ይስጠኝ።»

ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ወጣች፤ እትዬ ወለተሩፋኤል ጃንጥላዋን ይዛ ተከተለቻት፣ እኔም ከኋላ። ተመዘገበች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ብወድቅስ፣ አያ አለችኝ። ብትወድቂ ተነሥተሽ ደግመሽ ትማሪያለሽ አልኳት። ሌላ የሚባል ሸጋ ነገር አልመጣልኝም።

ፍቅረ ማርያምን ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ጠራሁት፤ ዱቄቱን አራግፎ ተነሣ። መሪጌታ ዘንድ ገብተን እንደ ፊተኛው ቆምን። አልማለችም፣ ተመዝግባለች አልኩት። ቁጣውን ጠበቅኩ። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር፤ መራራ መልስ ነበር። አልተቆጣም። ደቀ መዛሙርቱን አንድ ጊዜ ዝም በሉ አላቸው።

«መቼ ትመጣለች?» አለኝ።

«ለምን?»

«ልትጠይቀኝ ነዋ።»

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ትመጣ እንደሆነ እጠይቃታለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ለካሰችም ደውልላት፣ እሷም ትምጣ፤ ሁለት ጊዜ ከምጠየቅ አንዴ ልጠየቅ አለ።

ስልኬን አወጣሁ። ፍቅረ ማርያም ተቀበለኝና ቁጥሩን ፈልጎ ደወለ፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዛሪማ ላይ ጠራ፣ ጠራ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች ካሰች።

«ሃሎ?» አለች ደግማ። እኔ ዓይኔን ኪዳነ ማርያም ላይ ተከልኩ። ላግዘው አልፈለግኩም።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለ።